ማሽላና ቦሎቄ በአንድ ማሳ

ጥቂት የተማረ ሰው ያልተማረውን ሲንቅ ጉዳቱ በሁለቱም ላይ ይወድቃል። ይህን ነገር ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በእናቴ እርሻ ላይ በገዛ እጄ ሠርቼ ያየሁት ነው። ዛሬ ዕድሜዬ ከስድሳ ስላለፈ፥ ከማስተማር ሥራም በጡረታ ተሰናብቼ ስለ ተቀመጥሁ፥ እናንተ ወጣቶች የእኔን ስሕተት እንዳትደግሙት ሳልደብቅ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ ስለ ማሽላና ስለ ቦሎቄ ነው። «የገበሬ ነገር እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ዛሬ ጧት ቁርስ የበላ ሰው ሁሉ የገበሬ ነገር ይመለከተዋል።

አገሬ ጨርጨር ነው። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከጭሮ ተነሥቶ ወደ ሂርና የሚጓዝ መንገደኛ፥ በግራና በቀኝ ዳገቱን ይዞ የወጣ እርሻ፥ በእርሻውም ላይ ማሽላ፥ በቆሎ፥ ጫትና ቡና ያያል። መሬቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ይዞ ብዙ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ገበሬ ብዙ ነው። ቁልቁለቱም የበረታ ስለ ሆነ በሬ በማይገባበት ቦታ በዶማ ይቆፈራል። ስለዚህ የአገራችን ገበሬ አንዱን ማሳ ለአንድ ዘር ብቻ መተው እንደ ብክነት ይቈጥረዋል። የበልጉ ዝናም መሬቱን ሲያረካው፥ በሚያዝያ ወር ማሽላውን ይዘራል፤ በማሽላውም መካከል ቦሎቄ ያስገባል። አደንጓሬ የሚሉትም ሰዎች አሉ። የደጋው ማሽላ ሰባት ወይም ስምንት ወር ቆይቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ቦሎቄው ግን በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን የወር ቍጥር ልብ በሉት፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ በዚህ ውስጥ ነው። በሐረርጌ ገበሬ እህሉን የሚያኖረው መሬት ቆፍሮ በጕድጓድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ያለፈው ዓመት ማሽላ ከጕድጓዱ ያልቃል፤ አዲሱ ደግሞ ገና አረንጓዴ አገዳ ነው። በዚህ የችግር ወር ለቤቱ የሚደርስለት ቦሎቄ ነው። እሸቱ ይቀቀላል፤ ደረቁ ከማሽላ ጋር ንፍሮ ይሆናል፤ የተረፈውም ገበያ ወጥቶ የጨውና የደብተር መግዣ ይሆናል። ከሰው ቁመት አልፎ የሚሄደው ማሽላ እስኪደርስ ድረስ ቤቱን የሚጠብቀው ይህ ከጕልበት የማያልፍ ተክል ነው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ እያየሁ አድጌ፥ ባደግሁ ጊዜ ናቅሁት።

የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የአትክልት ሥራ እንደ ሒሳብና እንደ ግብረ ገብ አንድ የትምህርት ዓይነት ነበር። መደባችን በገመድ የተለካ፥ ለአንድ መደብ አንድ ዘር ብቻ የተመደበለት፥ አረም የማይታይበት ነበር። መምህሮቻችን በእጅ መሥራት ውርደት አለመሆኑን ስላስተማሩን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን በእኔ ልብ ውስጥ ትምህርቱ ሌላ ፍሬ አፈራ፤ ይኸውም ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ ዕውቀት፥ የተቀላቀለ ነገር ሁሉ ድንቍርና መስሎ ይታየኝ ጀመር። በኦሪት ዘሌዋውያን በአንድ እርሻ ሁለት ዓይነት ዘር ስለ መዝራት የተጻፈውን ሕግ እንኳ ሳይቀር፥ ምን ለማስተማር እንደ ተሰጠ ሳልመረምር፥ የአገሬን ገበሬ መንቀፊያ አደረግሁት።

አባቴ በሞት ተለይተውን ነበርና የቤቱ የበኵር ልጅ እኔ ነበርሁ። መምህር ሆኜ በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት፥ ለፋሲካ ዕረፍት ወደ ቤት ስመጣ እናቴ የማሽላውን ዘርና የቦሎቄውን ዘር ለያይታ አዘጋጅታ አገኘኋት።

«እናቴ፥ ቦሎቄው የማሽላውን ምግብ ይሻማበታል፤ ዘንድሮ ማሽላውን ብቻውን በመስመር እንዝራው» አልኋት።

«ልጄ፥ ማሽላው የቀረ እንደ ሆነስ?» አለችኝ።

«ለምን ይቀራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የዝናሙን ነገር ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ቦሎቄው ግን ቶሎ ይደርሳል።»

«እኔ እኮ ተምሬአለሁ» አልኋት።

እርስዋም ዝም አለች። ዝም ያለችው ለተማረ ልጅዋ ክብር ሰጥታ ነበር፤ እኔ ግን በክርክር የረታኋት መሰለኝ። ለዘር ያስቀመጠችውንም ቦሎቄ ቀቅላ ለደቦው ሰዎች ንፍሮ አድርጋ አቀረበችው። እኔም ከዚያ ንፍሮ እየዘገንሁ በላሁ።

ማሽላው በሰኔ ሲታይ እጅግ ያምር ነበር። ከእኛ አጠገብ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ፤ በማሳው ዳር ሲያልፉ ቆም ብለው አዩና በኦሮምኛ፥ «የአስተማሪው ማሽላ አምሮበታል፤ ግን መካከሉ ባዶ ነው» አሉ። እኔ ቅናት መስሎኝ ሣቅሁ። በሐምሌ መጨረሻ የጎረቤቶቻችን ሴቶች ቦሎቄ በቅርጫት ይዘው ሲመለሱ፥ እናቴ ባዶ እጅዋን ከማሳው ትመለስ ነበር። ማሽላው ዘለላ ሊያወጣ በተዘጋጀበት በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ዝናሙ ቀጥ አለ። ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ዘለላውም ፍሬ ሳይቋጥር ቀረ። የጎረቤቶቻችንም ማሽላ ተጐድቷል፤ እነርሱ ግን የቦሎቄአቸውን ምርት አስቀድመው ቤታቸው አግብተው ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴ ያለችንን አንዲት ላም ሸጠች። እርሱም አልበቃ ስላለ፥ አራተኛ ክፍል የደረሰችው ታናሽ እህቴ ከትምህርት ቤት ወጥታ ድሬዳዋ ወዳለች ዘመዳችን ተላከች፤ በዚያም በሰው ቤት እየሠራች ቆየች። ወደ ትምህርት አልተመለሰችም። የእኔ ደመወዝ ጥቂት ነበርና ሁሉን ሊሸፍን አልቻለም። እህቴ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ባገኘችኝ ጊዜ ሁሉ «ጋሼ» ብላ ትስመኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም። አለመውቀስዋ ከወቀሳ ይልቅ ይከብደኛል።

እነዚያ ሽማግሌ ጎረቤት በዚያ የችግር ወራት አንድ ማታ ሁለት ቁና ቦሎቄ አስይዘው መጡ። አንዱን ቁና ለእናቴ ሰጥተው፥ «ይህ ለመብል ነው» አሉ። ሁለተኛውን ወደ እኔ አዙረው፥ «ይህ ግን ለዘር ነው፤ እንዳትበላው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን ተረት በዚያ ማታ ተማርሁት፤ በሰውም ሆነ በማሳ እውነት መሆኑን ግን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትንም በአጭሩ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያው ነገር ከምድር በታች ያለው ነው። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ነው። ተክል ሁሉ ለዕድገቱ ናይትሮጂን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ገበሬ በውድ ዋጋ የሚገዛው ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጂን ነው። ባቄላ፥ አተር፥ ሽምብራ፥ ምስርና ቦሎቄ ግን በሥራቸው ላይ ትንንሽ እባጮች አሉባቸው። በእባጮቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም የአየሩን ናይትሮጂን ለተክሉ በሚስማማው መልክ ለውጠው ይሰጡታል፤ ተክሉም በፈንታው ስኳር ይመግባቸዋል። ይህን ነገር ሔልሪግልና ቪልፋርት የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በ1886 እ.ኤ.አ. በሙከራ አረጋግጠው አስታወቁ። የእኛ ገበሬ ምክንያቱን ሳይሰማ ውጤቱን ያውቅ ነበር፤ ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ የሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ እንደሚያምር በሸዋም በጎጃምም የማያውቅ አራሽ የለም።

እናንተም ማየት ትችላላችሁ። ቦሎቄ ማበብ በጀመረ ጊዜ አንዱን ግንድ ከነአፈሩ በቀስታ ቆፍራችሁ አውጡና ሥሩን በውኃ እጠቡት። እባጩን በጥፍራችሁ ስትሰነጥቁት ውስጡ ቀይ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ሥራው ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አመድማ ከሆነ አይሠራም።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳልቀንስ ልናገር። ቦሎቄ ከባቄላ ጋር ሲወዳደር ናይትሮጂን በመሥራት ደካማ ነው። የሠራውንም የሚበዛውን ለራሱ ፍሬ ያውለዋል፤ ለማሽላው በዚያው ዓመት የሚያካፍለው ጥቂት ነው። ለመሬቱ የሚተርፈው ሥሩና ቅጠሉ በማሳው ውስጥ ሲበሰብስ ነው። ስለዚህ ገበሬው ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ሁሉንም ለከብት ካበላው፥ በረከቱን ከማሳው አወጣው ማለት ነው። ሥሩን በመሬት ትቶ ቢያጭደው ግን ለሚመጣው ዓመት ወረት ይሆነዋል።

ሁለተኛው ነገር ከምድር በላይ ያለው ነው። ማሽላ ገና ትንሽ ሳለ በመስመሮቹ መካከል ያለው መሬት ራቁቱን ይቀራል። የጨርጨር ዝናም ደግሞ ሲወርድ ኃይለኛ ነው፤ ራቁቱን ያገኘውን አፈር ከዳገት ጠርጎ ወደ ሸለቆ ያወርደዋል። ቦሎቄ ቅጠሉን ዘርግቶ መሬቱን ሲሸፍነው የዝናሙ ጠብታ በቅጠል ላይ ይሰበራል፤ አረሙም ብርሃን አጥቶ ይቀንሳል። አንድ ተክል ከላይ፥ ሌላው ከታች ሆነው አንዱን ፀሓይና አንዱን ዝናም ይካፈሉታል። መነሻው ከአሜሪካ ምድር የሆነውን ይህን ቦሎቄ፥ የዚያ አገር ነባር ሕዝቦችም ከጥንት ጀምሮ ከበቆሎና ከዱባ ጋር አንድ ላይ ይዘሩት ነበር። የተራራቁ ሕዝቦች ሳይነጋገሩ ወደ አንድ ብልሃት ደረሱ።

ሦስተኛው በሰው ሆድ ውስጥ ያለው ነው። ማሽላ ላይሲን የሚባለው የአካል መገንቢያ ያንሰዋል፤ ቦሎቄ ግን በዚህ ባለጸጋ ነው፤ ቦሎቄ የሚያንሰውን ደግሞ እህሉ ያሟላለታል። የማሽላና የቦሎቄ ንፍሮ ለሚያድግ ሕፃን ከእያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተሻለ ምግብ የሚሆነው ስለዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2016 እ.ኤ.አ. የጥራጥሬ ዓመት እንዲሆን መወሰኑም ይህን ጥቅም ለዓለም ለማስታወቅ ነበር።

ትርፉ እንዴት ይመዘናል ብላችሁ ብትጠይቁ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ አንድ ማሳ ማሽላ ብቻውን ሲዘራበት 10 ኩንታል፥ ቦሎቄ ብቻውን ሲዘራበት 8 ኩንታል ይሰጣል እንበል። ሁለቱ በአንድነት ሲዘሩበት ማሽላው ወደ 8፥ ቦሎቄውም ወደ 4 ኩንታል ቢወርድ፥ የማሽላው ምርት ለብቻው ከሚሰጠው 0.8፥ የቦሎቄውም 0.5 ነው፤ ድምሩ 1.3 ይሆናል። አንዱ ማሳ የአንድ ማሳ ከሢሶ ገደማ ሥራ ሠራ ማለት ነው። እኔ በወጣትነቴ የማየው ከ10 ወደ 8 መውረዱን ብቻ ነበር፤ አራቱን ኩንታል ቦሎቄ አልቈጠርሁትም ነበር። ብዙ ሰው በኑሮው ሒሳብ የሚሳሳተው በዚሁ ዓይነት ነው፤ የቀነሰበትን ይቈጥራል፥ የተጨመረለትን ይረሳል።

በጭሮ፥ በገለምሶና በበዴሳ ባስተማርሁባቸው ዓመታት በትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት እኩል መደብ እያስለካሁ፥ በአንዱ ማሽላ ብቻ፥ በሁለተኛው ማሽላና ቦሎቄ አስዘራ ነበር። ተማሪዎቹ ምርቱን እየመዘኑ በደብተር ይጽፋሉ። አንድ ዓመት ልጆቹ ትርፍ ወድደው ቦሎቄውን አጠጋግተው ቢዘሩት፥ ሁለቱም ተሻምተው ቀጨጩ። ሌላ ጊዜም ሐረጉ የሚጠመጠመውን ዓይነት ዘርተን የበቆሎውን አገዳ ጐትቶ ጣለው። ከዚህም ጉርብትና ልክ እንዳለው ተማርን፤ ቁጥቋጦ ሆኖ ቶሎ የሚደርሰውን ዓይነት መምረጥ፥ ለማሽላው መተንፈሻ መተው፥ ኩትኳቶውን በጊዜው ማድረስ ያስፈልጋል። ዝናም እጅግ በሚያንስበት እንደ ሚኤሶ ባለ ቆላ ደግሞ ከደጋው ይልቅ አራርቆ መዝራት ግድ ነው። ቦሎቄው ከተሰበሰበ በኋላም ነቀዝ እንዳይገባበት በደንብ አድርቆ ማስቀመጥ ይገባል።

እንግዲህ ትምህርት ከንቱ ነው ልል ነውን? አይደለም። በ1950 ዓ.ም. የተመረቀው የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ፥ ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ ለአገራችን ገበሬ የሚስማማ የቦሎቄ ዘር በመምረጥ ብዙ ደክሟል። በዚያው ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፥ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማግኘታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። በጠባብ የሣር ቤት ተወልደው፥ ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ በእግራቸው እየተመላለሱ የተማሩ ሰው ናቸው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በሩሲያ የተማሩ፥ ጨርጨርንም ያስተዳደሩ ታላቅ ሰው ሲሆኑ፥ በኋላ ዘመናቸው በሂርና በእርሻ ሥራ ኖረዋል። እውነተኛ ትምህርት ሰውን ወደ ማሳው ዳር ያቀርበዋል እንጂ ከዚያ አያርቀውም። የእኔ ጥፋት መማሬ አልነበረም፤ እናቴ «ማሽላው የቀረ እንደ ሆነስ?» ብላ ስትጠይቀኝ፥ ጥያቄው መልስ የሚሻ መሆኑን አለማወቄ ነበር።

ዛሬ በአገራችን ሌላ ፈተና አለ። ጫት በየዕለቱ ገንዘብ ያመጣልና ማሳው ሁሉ እየተለወጠ ነው። ልጆቹን በዚያ ገንዘብ የሚያስተምረውን ገበሬ ልነቅፈው አልችልም። ነገር ግን በገበያ ላይ ብቻ የተመሠረተ ቤት፥ ገበያው በተዘጋ ቀን የእኔን የዚያን ዓመት ማሽላ ይመስላል። ብልሆቹ ገበሬዎች በጫቱ መስመሮች መካከል እንኳ ማሽላና ቦሎቄ ሲዘሩ አይቻለሁ፤ እነርሱን ምሰሉ እላለሁ።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለእህቴ ነግሬአት ነበር። «የእኔንም ነገር ልጽፍ ነውና ፍቀጅልኝ» ብላት፥ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፥ «ጋሼ፥ ፈቅጃለሁ፤ ብቻ ስለ እኔ አታብዛው፤ ቦሎቄውን መቼ እንደሚዘሩት ለልጆቹ በደንብ ንገራቸው» አለችኝ።

ስለዚህ ልጆቼ ሆይ፥ ነግሬአችኋለሁ። በሚያዝያ፥ ዝናሙ መሬቱን ካረካው በኋላ፥ ከማሽላው ጋር ዝሩት። ከመዝራታችሁም በፊት መሬቱን የኖረበትን ሰው ጠይቁ፤ ደብተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የሰማችሁትን ጻፉ፥ የጻፋችሁትን መዝኑ። በዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እናታችሁ «ይህ የቀረ እንደ ሆነስ?» ብላ ብትጠይቃችሁ፥ «ተምሬአለሁ» ብላችሁ አትመልሱላት። አብራችኋት ቁጭ በሉና ጥያቄዋን አስቡበት።